ሳያጣሩ ወሬ
(በተማሪዎች የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ የምንናገረው በእንግሊዝ አገር የስንዴ ማሳዎች ላይ ስለ ታዩት ክብ ቅርጾች ነው። ነገሩ ከኑሯችን የራቀ ይመስል ይሆናል። በውስጡ ያለው ጥያቄ ግን የተማሪ ሁሉ ጥያቄ ነው፤ አንድን ነገር «አውቃለሁ» ለማለት የምንደፍረው ምን ካደረግን በኋላ ነው? ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንናገራለን።

ከገበሬ ቤት የመጣን ሁሉ ጤፍ ሲጋሽብ አይተናል። ዝናብና ነፋስ ሲመታው እዚህም እዚያም ይተኛል፤ ማንም ከሰማይ የወረደ እንግዳ ረገጠው አይልም። በእንግሊዝም ጆን ራንድ ካፕሮን የተባሉ ሰው በ1880 «ኔቸር» ለተባለው የሳይንስ መጽሔት ሲጽፉ፥ በሰሪ አውራጃ ስንዴ በክብ በክብ ተኝቶ ማየታቸውን ገልጸው ምክንያቱን ለማዕበሉ ነፋስ ሰጥተው ነበር።

ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን በሃምፕሻየርና በዊልትሻየር ጠርዛቸው በቢላ የተቆረጠ የሚመስል ክቦች በረከቱ፤ ቅርጻቸውም ከዓመት ወደ ዓመት እየተወሳሰበ ሄደ። ቴረንስ ሚደን የተባሉ የአየር ጠባይ ተመራማሪ የሚሽከረከር ነፋስ ነው አሉ። ሌሎች ደግሞ ከሌላ ዓለም የመጣ ኃይል ነው አሉ። በጁላይ 1990 በዊልትሻየር ካሜራ ደግነው ሌሊቱን የጠበቁ ሰዎች ነበሩ። ሲነጋ ክቦች ታዩ፥ ደስታም ሆነ፤ ወደ ማሳው ሲገቡ ግን በመካከሉ የመጫወቻ ሰሌዳና የእንጨት መስቀል ተቀምጦ አገኙ።

በሴፕቴምበር 1991 ዳግ ባወርና ዴቭ ቾርሊ የተባሉ ሁለት ሽማግሌዎች «ቱዴይ» ለተባለው ጋዜጣ ምስጢሩን ገለጡ። ከ1978 ጀምሮ ክቦቹን የሠሩት በጣውላና በገመድ፥ አቅጣጫውንም የለኩት በኮፍያ ላይ በታሰረች ሽቦ እንደ ነበረ ተናገሩ። ጋዜጣው አንድ አዲስ ቅርጽ አሠርቶ ፓት ዴልጋዶ የተባሉትን መሐንዲስ ጠራ። እርሳቸውም አይተው ይህ የሰው ሥራ አይደለም አሉ። እውነቱ ሲነገራቸው መታለላቸውን አመኑ።

በዚህ መሳቅ ቀላል ነው። ነገር ግን የሁለት ሰዎች ቃል ስለ ክቦች ሁሉ ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ በ1992 በባኪንግሃምሻየር በዌስት ዋይከም ውድድር ተደረገ። ተወዳዳሪዎች የተሰጣቸውን ሥዕል በሌሊት በማሳ ላይ እንዲሠሩ ታዘዙ። ያሸነፉት ሦስት የሄሊኮፕተር መሐንዲሶች ናቸው፤ መሣሪያቸውም ገመድ፥ ጣውላ፥ የፕላስቲክ ቧንቧና መሰላል ነበረ። «ሰው ሊሠራው ይችላልን?» ለሚለው መልስ ተገኘ፤ ይችላል።

ክርክሩ ግን በዚህ አልቆመም። በ1994 ሌቨንጉድ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ሕይወትና የፊዚክስ ሊቅ በክቦቹ ውስጥ የተኙ አገዳዎች አንጓ ከቆመው ይልቅ ረዝሞ አገኘሁት ብለው ጻፉ። ነገር ግን የተኛ የስንዴ አገዳ ተኝቶ አይቀርም፤ አንጓው በታችኛው ጎኑ እየረዘመ ራሱን ወደ ላይ ያቀናል። ይህም ነፋስ ቢጥለው፥ ሰው ቢጥለው፥ ያው ነው። እንግዲያስ የተኛውን ከቆመው ጋር ብቻ ማነጻጸር አይበቃም።

እውነተኛው ፈተና እንዲህ ቢሆን እንላለን። በአንድ ማሳ ላይ ካልታወቀው ክብ፥ በዚያው ሌሊት በጣውላ ከተሠራ ሌላ ክብ፥ ነፋስ ከጣለው ቦታና ከቆመው ስንዴ በአንድ ቀን አገዳ ይቆረጥ። ከረጢቶቹ ላይ ቁጥር ብቻ ይጻፍ። የሚለካው ሰው የትኛው ከየት እንደ መጣ አይወቅ። ምን ውጤት ቢገኝ ማን እንደሚረታ አስቀድሞ በጽሑፍ ይቀመጥ። ጆ ኒኬል የተባሉት አሜሪካዊ መርማሪ በሌቨንጉድ ሥራ ላይ ካነሡት ወቀሳ አንዱም ይኸው የከረጢት ጉዳይ ነበር፤ ለኪው የአገዳውን ምንጭ እንዳያውቅ መደረጉ አልታየም የሚል። በ2005ም ሦስት ኢጣሊያውያን ነገሩን እንደገና መርምረው መደምደሚያው በማስረጃው እንደማይደገፍ ጻፉ። የሰው እጅ ሊያደርገው አይችልም የተባለ ምልክት እስከ ዛሬ በእንዲህ ያለ ፈተና አላለፈም።

አሁን ስለ ራሳችን አንድ ነገር እንናዘዝ። ይህን ንግግር ለማዘጋጀት ስንነሣ፥ ገና አንዲት ገጽ ሳናነብ፥ «የሞኝ ወሬ ነው» ብለን ነበር። ትክክል ሆንን፤ ነገር ግን በዕድል እንጂ በዕውቀት አልነበረም። መሐንዲሱ ሳይፈትን አመነ፥ እኛም ሳንፈትን ካድን፤ በመካከላችን ያለው ልዩነት ከምናስበው ያነሰ ነው። በክፍል ውስጥስ ሊቁ ተናግሯል፥ ፈረንጅ ጽፎታል፥ በመጽሐፍ ታትሟል እያልን ስንቱን ነገር ሳንለካ ተቀብለናል? ስንቱንስ የተናገረው ባላገር ነው ብለን ሳንለካ ጥለናል?

አባቶቻችን «ሳያጣሩ ወሬ፥ ሳይገድሉ ጎፈሬ» ይላሉ። ዲግሪውም ጎፈሬ ነው፤ ከማጣራት በኋላ ቢመጣ ያምራል።

ጥያቄ ያለው ይነሣ።