ሁለት ግብ በአንድ ኮርቻ



ባለበት በሚዞር ብስክሌት ሥጋውን የሚያሠለጥን ሰው የልብን ጽናትና የእግርን ፈጣን ኃይል በየተራ መሻት ያለበት ይመስለዋል፤ ነገር ግን ጃፓናዊው ሊቅ ኢዙሚ ታባታና ባልደረቦቹ በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ወጣቶች 20 ሰከንድ በብርቱ እየነዱ፣ 10 ሰከንድ እያረፉ፣ ይህንም ሰባት ስምንት ጊዜ እየደጋገሙ 6 ሳምንት ቢተጉ ሁለቱም ኃይላት በአንድነት ማደጋቸውን፣ ሙሉ ሰዓት በለዘብታ የነዱት ግን ጽናትን ብቻ ማትረፋቸውን አስረዱ። እኔን እጅግ የሚደንቀኝ የአጥኚዎቹ ጥንቃቄ ነው፤ ፔዳሉ በደቂቃ 90 ዙር እንዲዞር ታዝዞ፣ ከ85 በታች ሲወርድ ሥራው ወዲያው ይቋረጥ ነበር፤ ያለ ሥርዓት የሚደክም ሰው የሚያተርፈው ጉዳት ነውና። በብርቱ የሚነዱት ወጣቶች በሳምንት አንድ ቀን 30 ደቂቃ በእርጋታ ከነዱ በኋላ አራት የፍጥነት ዙር ይጨምሩ ነበር፤ ሐኪም የፈቀደላችሁ ሁሉ፣ ከዚህች ቀን ጀምሩ እላለሁ።