ሥራን በሰዓት መለካት፦ የሚለካው እጅና የማይለካው ወረፋ



ስለ ሥራ ጊዜ ልኬት እንድናገር መጋበዜን የሰማ አንድ ባልደረባዬ «ስቶፕ ዎች ለመያዝ ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልጋል?» ብሎኝ ነበር። ቀልድ ቢሆንም የብዙዎቻችንን አስተሳሰብ ይገልጻል። መሣሪያው ርካሽ ነው፤ ሒሳቡ ከማባዛትና ከማካፈል ብዙም አያልፍም፤ ትጉህ ተማሪ በአንድ ወር ልምምድ ይጨብጠዋል። ነገር ግን ከመመዝገቢያ ቅጹ ላይ የሚወጣው ቁጥር በማግስቱ የአንዲት ሠራተኛ የቀን ኮታ ይሆናል። ስለዚህ በምን ያህል ትክክለኛነት እንለካለን ከሚለው በፊት የማንን ጊዜ ነው የምንለካው የሚለው ጥያቄ መቅደም አለበት ብዬ አምናለሁ።

የዘርፉ ታሪክ ይህን ጥያቄ ከመነሻው ይዞት መጥቷል። ፍሬድሪክ ቴይለር በፊላደልፊያ በሚገኘው ሚድቬል የብረት ፋብሪካ በ1880ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሥራን ወደ ጥቃቅን ክፍሎች ከፍሎ እያንዳንዱን በሰዓት መለካት ጀመረ። የሳይንሳዊ አመራር መርሆዎችን ያቀረበበት መጽሐፉ በ1911 ታተመ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት ዋተርታውን በተባለ ቦታ በነበረው የአሜሪካ ጦር መሣሪያ ፋብሪካ፣ ከብረት ማቅለጫው ክፍል አንድ ሠራተኛ በስቶፕ ዎች አልለካም በማለቱ ከሥራ ሲሰናበት ጓደኞቹ ሥራ አቁመው ወጡ። ጉዳዩ እስከ ኮንግረስ ደረሰ። በ1915 በጦር ሠራዊቱ በጀት ሕግ ላይ የተጨመረ አንቀጽ እንዲህ ያለውን ልኬት ከለከለ፤ ክልከላውም ከ30 ዓመታት በላይ ጸንቶ ቆየ።

እነዚያን ሠራተኞች ለውጥ ጠል አድርገው የሚያቀርቡ ጽሑፎች አልፎ አልፎ ያጋጥሙኛል። እኔ በዚህ አልስማማም። ልኬቱ ያለ እነርሱ ፈቃድ ተሠርቶ ውጤቱ በእነርሱ ላይ ይመለስ ነበር፤ ተቃውሟቸው ከዚህ የመነጨ ነው።

በዚያው ዘመን ፍራንክ ጊልብሬዝ ሌላ መንገድ ያዘ። እርሱ ራሱ የግንበኝነትን ሙያ በእጁ የተማረ ሰው ነበር። አንድ ጡብ ለመደርደር ይደረግ የነበረውን 18 ያህል እንቅስቃሴ ወደ 5 ገደማ አወረደው። ይህን ያደረገው ግንበኛውን «ፍጠን» በማለት አይደለም። ግንቡ ከፍ ባለ ቁጥር አብሮ ከፍ የሚል መወጣጫ ሠርቶ ጡቡና ማልታው በግንበኛው እጅ ከፍታ እንዲቀመጡ፣ ጡቦቹም አስቀድመው ተመርጠው በትክክለኛው ፊታቸው እንዲቀርቡ አደረገ። ግንበኛው ለእያንዳንዱ ጡብ ጎንበስ ቀና ማለቱ ቀረለት። ቆይቶም ከሥነ ልቦና ምሁሯ ባለቤቱ ከሊሊያን ጋር ድካምን ራሱን የጥናት ርዕስ አደረጉት። ሁለቱም ወገኖች ሰዓት ይዘዋል፤ ጊልብሬዝ ግን ከእጁ አልፎ እጁ የሚሠራበትን ቦታ መረመረ።

አሁን ወደ ራሳችን የዕለት ተዕለት ሥራ ልምጣ። መደበኛ ጊዜን የምናሰላበትን ቀመር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ የታየው ጊዜ በሬቲንግ ይባዛል፤ ከዚያም ለድካም፣ ለግል ጉዳይና ለማይቀሩ መስተጓጎሎች ማካካሻ ይታከልበታል። በሐዋሳና በሌሎች የኢንዱስትሪ ፓርኮች በልብስ ስፌት ላይ የምትሠሩ ተመራቂዎቻችን «ሳም» እያላችሁ በየቀኑ የምትጠሩት ቁጥር የዚሁ ቤተሰብ ነው። አንዲት ኦፕሬተር ኮሌታ ለመስፋት በአማካይ 40 ሴኮንድ ወሰደባት እንበል። ፍጥነቷ ከመደበኛው ይበልጣል ብላችሁ 110 በመቶ ሬቲንግ ከሰጣችኋት መነሻው 44 ሴኮንድ ይሆናል፤ 15 በመቶ ማካካሻ ሲጨመር 50.6 ሴኮንድ። በ8 ሰዓት ውስጥ 569 ኮሌታ ማለት ነው። ያንኑ ፍጥነት «መደበኛ ነው» ብላችሁ 100 በመቶ ካላችሁት ግን ጊዜው 46 ሴኮንድ፣ ኮታው 626 ይሆናል። በሁለቱ መካከል የ57 ኮሌታ ልዩነት አለ። ይህን ልዩነት የፈጠረው ስቶፕ ዎቹ አይደለም። ሰዓቱ የሴኮንድን መቶኛ ያነብባል፤ የ10 በመቶው ፍርድ ግን የተመልካቹ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ሳነብ ከሁሉ አስቀድሜ የምፈልገው የሬቲንጉን ዓምድ ነው፤ ከላይ እስከ ታች 100 ተሞልቶ ሳገኘው ተማሪው ምዘናውን እንደዘለለው እገምታለሁ።

ከዚህ የሚከብደው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የልብስ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ «ትእዛዝ እየዘገየብን ነው፤ የትኛዋ ኦፕሬተር እንደምትዘገይ ለኩልኝ» ሲሉ ጠይቀውኝ ነበር። ከሰዓቱ በፊት ቆጠራ እንዲቀድም ሐሳብ አቀረብኩ። በመስመሩ ላይ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ መካከል በጥቅል ታስረው የተቀመጡትን ሸሚዞች ቆጠርን፤ ወደ 400 ያህል ነበሩ። መስመሩ በሰዓት የሚያወጣው 50 ሸሚዝ ነበር።

በ1961 ጆን ሊትል ያረጋገጠው ሕግ እዚህ ላይ ይረዳናል። በሥርዓቱ ውስጥ ያለው አማካይ ብዛት፣ በሰዓት የሚያልፈው መጠን በእያንዳንዱ የቆይታ ጊዜ ሲባዛ ከሚገኘው ጋር እኩል ነው። 400ን ለ50 ስናካፍል 8 ሰዓት እናገኛለን። አንድ ሸሚዝ መስመሩ ውስጥ ገብቶ እስኪወጣ ሙሉ የሥራ ቀን ይፈጅበት ነበር ማለት ነው። በእጅና በመኪና የሚሠራበት ጊዜ ተደምሮ ግን 20 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነበር። የቀረው 7 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሸሚዙ ታስሮ ተራውን የሚጠብቅበት ነው። ኦፕሬተሮቹ ሁሉ 10 በመቶ ቢፈጥኑና ጥቅሎቹ እንዳሉ ቢቆዩ፣ ከስፌት ጊዜው የሚቀነሰው 2 ደቂቃ ነው። የጥቅሉ መጠን በግማሽ ቢቀንስና መስመሩ ያንኑ 50 ሸሚዝ ማውጣቱን ቢቀጥል ግን 4 ሰዓት ይቀንሳል። ሥራ አስኪያጁ ስሌቱን ካዩ በኋላ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ታዲያ ይህን ያህል ጥቅል ወደ መስመሩ የሚልከው ማን ነው?» የሚልከው የዕቅድ ክፍሉ ነበር፤ የዕቅድ ክፍሉን ደግሞ በስቶፕ ዎች የለካው ማንም የለም።

ወረፋ ለምን ይረዝማል የሚለውን አግነር ኤርላንግ በኮፐንሃገን የስልክ ድርጅት ውስጥ ከ1909 ጀምሮ በሒሳብ ሊመልሰው ተነሥቶ ነበር። ቀላሉን ሞዴል እንውሰድ፦ አንድ አገልጋይ፣ በዘፈቀደ የሚመጡ ሥራዎች፣ በአማካይ 6 ደቂቃ የሚወስድ አገልግሎት። አገልጋዩ ከጊዜው 50 በመቶ ሲያዝ አንድ ሥራ በአማካይ 12 ደቂቃ ይቆያል። 80 በመቶ ሲያዝ 30 ደቂቃ ይሆናል፤ በ90 በመቶ አንድ ሰዓት፣ በ95 በመቶ ሁለት ሰዓት። የአገልጋዩ እጅ በአንዳቸውም አልዘገየም፤ ስድስቱ ደቂቃ ስድስት እንደሆነ ነው። ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ ሰው ማየት የማይወድ አለቃ ሠራተኛውን ወደ 95 በመቶ ሲገፋው ወረፋውን የሚያረዝመው ራሱ አለቃው ነው። ይህን ሠንጠረዥ ለአመራሮች በማሳየው ጊዜ ብዙዎቹ ቀመሩን ለማመን ይቸገራሉ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት አንድ ቀን ተሰልፎ የዋለ ሰው ግን ወዲያው ይረዳዋል። ግድግዳ ላይ በተለጠፈ የዜጎች ቻርተር «20 ደቂቃ» ተብሎ የተጻፈ እንደሆነ፣ ባለጉዳዩ የሚቆጥረው ከበሩ ከገባበት፣ መሥሪያ ቤቱ የሚቆጥረው ደግሞ ፋይሉ ከተከፈተበት ጊዜ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፤ የሚለኩት ግን የተለያየ ነገር ነው።

መለኪያው ከየት ይጀምራል ካልን ዘንድ፣ የእኛን አገር የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። የመኪናው ቆጣሪ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል፤ የሌሊት ፈረቃው ሱፐርቫይዘር ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ይጽፋል። የስድስት ሰዓቱ ልዩነት በቀላሉ ይታረማል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት የደረሰ ብልሽት ግን በመኪናው መዝገብ የነገ፣ በሱፐርቫይዘሩ ደብተር የዛሬ ሆኖ ይገኛል፤ ሁለቱን ሳያስተያይ የደመረ ተንታኝ ያንኑ ብልሽት ሁለት ጊዜ ሊቆጥረው ይችላል።

በዚህ ዓመት ለልምምድ ወደ ፋብሪካ የምትወጡ ተማሪዎች ሁለት ነገር እንድታደርጉ እጠይቃለሁ። በመመዝገቢያ ቅጻችሁ ላይ ከሥራ ጊዜው ጎን «ከመሠራቱ በፊት ስንት ጠበቀ? ምን ሲጠብቅ?» የሚል ዓምድ ክፈቱ። ሁለተኛ፣ ስቶፕ ዎቹን ከመጫናችሁ በፊት ለምትለካው ሰው ስማችሁን፣ የምትለኩበትን ምክንያትና ቁጥሩ ለማን እንደሚሰጥ ንገሯት፤ ስትጨርሱም የሞላችሁትን ቅጽ አሳዩአት። ክር ሲበጠስ፣ ጥቅል ሲዘገይ፣ መርፌ ሲቀየር የባከነውን ደቂቃ ከእናንተ ይልቅ እርሷ ታውቀዋለች፤ ያልተሞላውን ዓምድም እርሷ ታስሞላችኋለች። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።