በጽሑፍ የተመዘገበ ወሰንና የቁጥር ፍርድ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የተነሣሁበት ጉዳይ ሲታይ ጥቃቅን ይመስላል፤ ዳሩ ግን በእንዲህ ያለ ስሕተት የማይጠጣ ውሃ «ይጠጣል» ሊባል እንደሚችል በራሴ ሥራ ስላየሁት፣ ቀላል ነው ብዬ ላልፈው አልቻልሁም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የውሃ ምርመራ ላቦራቶሪ ዳታቤዝ ሠርቼ ነበር። የየንጥረ ነገሩ ወሰን ልዩ ልዩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለፍሎራይድ በሊትር 1.5 ሚሊግራም፣ ለናይትሬት 50 ሚሊግራም ይላል፤ የፒ.ኤች. መጠን ደግሞ ከታችም ከላይም ይወሰናል። ስለዚህ ደንቡ በተለወጠ ቁጥር ፕሮግራሙን ላለመንካት ስል፣ ወሰኑን እንዳለ «<=50» እያልሁ በጽሑፍ ዓምድ መዘገብሁት። አሳቡ ዛሬም መጥፎ ነው አልልም። የተሳሳትሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ምልክቱን ለይቼ ካወጣሁ በኋላ ቀሪውን «50» ወደ ቁጥር ሳልለውጥ፣ የልኬቱንም ውጤት እንደ ጽሑፍ አድርጌ አነጻጸርሁ። ኮምፒዩተር ጽሑፍን የሚያነጻጽረው እንደ መዝገበ ቃላት ከመጀመሪያው ምልክት ተነሥቶ ነው። «1» ከ«5» ስለሚቀድም 120 ከ50 አነሰና ናሙናው አለፈ፤ 6 የተለካበት ንጹሕ ውሃ ግን ወደቀ። ስሕተቱን የገለጠልን ይኸው የወደቀው ነው፤ ያለፈውንማ ማን ይጠይቀዋል?

አንዳንድ ባልደረቦች «ጽሑፉን በኤስ.ኪው.ኤል. ትእዛዝ ውስጥ ሰክተን ዳታቤዙ ራሱ እንዲያሰላው እናድርግ» ይላሉ። መንገዱ አጭር ነው፤ ነገር ግን በዚያ ዓምድ ለመጻፍ የተፈቀደለት ሰው ሁሉ በወሰን ፈንታ ትእዛዝ ሊጽፍበትና ሠንጠረዡን ሊያጠፋው ይችላል። ፈጽሞ አልደግፈውም። የሚሻለው ጽሑፉ ሲመዘገብ አንድ ጊዜ ተተንትኖ፣ የታች ወሰኑና የላይ ወሰኑ፣ ወሰኑም ራሱ የሚፈቀድ መሆን አለመሆኑ በየዓምዱ እንዲቀመጥ ነው። በትንተናውም «<=» ከ«<» አስቀድሞ ይፈለግ፤ አለዚያ «=50» የሚል ትራፊ ይቀራል፤ ማይ ኤስ.ኪው.ኤል. ይህን ወደ ቁጥር ለውጥ ቢሉት ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጥቶ ዜሮ ያደርገዋል። ቁጥሩም በአሥርዮሽ ዓይነት ይቀመጥ፤ 0.1 በሁለትዮሽ ተንሳፋፊ ነጥብ በትክክል አይጻፍምና፣ ልክ በወሰኑ ላይ ያለው ናሙና ሊበደል ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ያልተለካው ናሙና ነው። ባዶ ዋጋ ከማናቸውም ወሰን ጋር ሲነጻጸር መልሱ እውነትም ሐሰትም አይደለም፤ «አይታወቅም» ነው። «ከ50 የበለጡትን አውጣ» ብለን ስንጠይቅ ውሃው ያልተለካው ጕድጓድ በዝርዝሩ ውስጥ አይገኝም፤ ሪፖርቱን የሚያነበው ሰውም ከጤናማዎቹ ጋር ይቆጥረዋል። እንዲሁም ላቦራቶሪው «<0.1» ብሎ የሚመልሰው ውጤት የመሣሪያውን የመለየት ዐቅም የሚናገር እንጂ ልኬት አይደለም፤ ወሰኑ 1.5 ከሆነ ያልፋል፤ ወሰኑ 0.01 ከሆነ ግን ፍርድ ሊሰጥበት አይቻልም። አሁን በምሠራው ሠንጠረዥ ለእነዚህ ሁለቱ «ያልተወሰነ» የሚል ሦስተኛ መልስ አኑሬላቸዋለሁ፤ ሪፖርቱም በመጀመሪያው ገጽ የሚዘረዝረው እነርሱን ነው።