ዕርዳታ ሲያበቃ የሚቀረው ሥራ
(በቦንጋና በካፋ ዞን የእርሻና የገበያ ሥራዎች ላይ የቀረበ ንግግር)



ለእርሻ ልማት ስለሚሰጥ የማይመለስ ዕርዳታ ሲነገር አዘውትሮ የሚጠየቀው «ምን ያህል ተሰጠ?» የሚለው ነው። የመሐንዲስ ጥያቄ ግን ሌላ መሆን ይገባዋል፤ ይኸውም ዕርዳታው ሲያበቃ የተጀመረው ሥራ በራሱ ገቢ ሊቆም ይችላልን? የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ቦንጋና አካባቢዋ በቂ ትምህርት ይሰጣሉ።

ከጅማ በስተደቡብ ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቦንጋ የካፋ ዞን ዋና ከተማ ናት። በዙሪያዋ ባለው ደን ውስጥ ቡና ማንም ሳይተክለው በዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ኮረሪማና ጥምዝ ይለቀማል፤ ከዛፍ ላይ ከተሰቀለ ቀፎም ማር ይቆረጣል። ገበሬው ከደኑ የሚያገኘው ገቢ ቤተሰቡን የሚደጉም ከሆነ ዛፉን የሚጠብቅበት ምክንያት አለው። ገቢው ካነሰ ግን ዛፉን ቆርጦ በቆሎ ቢዘራ የሚወቅሰው ሰው ለልጆቹ ሌላ እንጀራ ሊያሳየው ይገባል። ስለዚህ በካፋ የገበያ ጉዳይ የደን ጉዳይ ነው።

ዕርዳታ ለዚህ አካባቢ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በካፋ ከታየ በኋላ፣ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ከደቡብ ምዕራብ የቡና ዛፎች መካከል ተመርጠው ወጡ። የአውሮፓ የኢኮኖሚ ማኅበረሰብም እ.ኤ.አ. በ1977 በተጀመረው የቡና ማሻሻያ ፕሮጀክት ገንዘብ ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት በቦንጋ የአሳታፊ ደን አስተዳደርን ሥራ ጀመረ፤ በዚህም አሠራር የደኑ ተጠቃሚዎች ተደራጅተው ከመንግሥት ጋር ውል በመግባት የመጠቀም መብትን ከመጠበቅ ግዴታ ጋር ተቀበሉ። የካፋ ደን ቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየን እ.ኤ.አ. በ2004 ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ ካፋን በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዘገበ፤ ናቡ የተባለው የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበርም በጀርመን የአካባቢ ሚኒስቴር ገንዘብ እየተደገፈ በዚያው ሠርቷል።

ከእነዚህ ሁሉ አንድ ነገር መረዳት ይቻላል። ዝርያ መምረጥን፣ ደን መከለልንና ገበሬን ማሠልጠንን የመሳሰለውን ሥራ ነጋዴ አይሠራውም፤ ባንክም አያበድርለትም። የዕርዳታ ትክክለኛ ቦታው እዚህ ላይ ነው። ችግሩ የሚመጣው ዕርዳታው የዕለት ተዕለት ሥራን ወጪ መሸፈን ሲጀምር ነው።

ለምሳሌ የቡና ማድረቂያ አልጋን እንመልከት። በደንብ የቀላ እሸት ቡና ከክብደቱ 65 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው። ይህን እርጥበት ወደ 12 በመቶ ለማውረድ ከ100 ኪሎ እሸት ቡና 60 ኪሎ ያህል ውኃ መውጣት አለበት። ቀሪው 40 ኪሎ ጀንፈል ሲሆን፣ ሲፈለፈል 20 ኪሎ ያህል ንጹሕ ቡና ይሰጣል። የመልቀሚያው ወራት መጀመሪያ ዝናብ በማያጣው በካፋ ይህን ያህል ውኃ በመሬት ላይ በተሰጣ ቡና ማስወገድ አስቸጋሪ ነው፤ ቡናው የአፈር ሽታ ይይዛል፣ ይሻግታልም። ከመሬት ከፍ ያለ አልጋ ነፋስን ከሥር ስለሚያሳልፍ ይህን ያቃልላል። ነገር ግን የእንጨት እግሩን ምስጥ ይበላዋል፤ መረቡም ይቀደዳል። ምትኩ ሁልጊዜ ከዚያው ደን የሚቆረጥ ከሆነ ደግሞ የደን ጥበቃው ሥራ ራሱን ያፈርሳል። የጥገናው ወጪና የእንጨቱ ምንጭ በፕሮጀክቱ ወረቀት ላይ ካልሰፈሩ ንድፉ አልተጠናቀቀም።

ከአልጋው ይልቅ የሚከብደው የጥሬ ገንዘቡ ነገር ነው። ቀይ ፍሬ ብቻ መልቀም ወደ አንዱ ዛፍ ደጋግሞ መመለስን ይጠይቃል። ለዚህ ድካም የሚገባው የዋጋ ልዩነት ቡናው በሚረከብበት ዕለት ካልተከፈለ፣ ገበሬው ቀዩንም አረንጓዴውንም ባንድነት ሸምጥጦ ጥሬ ብር ይዞ ደጁ ለመጣ ነጋዴ ይሸጣል። በዚህ ሊወቀስ አይገባውም፤ የቤቱ ወጪ እስከ ውጭ ገበያ ሽያጭ ድረስ አይጠብቀውምና። ሆኖም ለመጋዘን ግንባታ ዕርዳታ ማግኘት ለቡና መግዣ የሚሆን ተዘዋዋሪ ገንዘብ ከማግኘት ይቀላል። መጋዘን ይታያል፣ ይመረቃልም። የመግዣ ገንዘብ የሌለው መጋዘን ግን ባዶ ቤት ነው።

ማሩም ይህንኑ ይመሰክራል። ማሩ ከነሰፈፉ ለጠጅ ሲሸጥ የሰሙ ዋጋ ለገበሬው አይደርሰውም። እ.ኤ.አ. በ2008 ኢትዮጵያ ማር ወደ አውሮፓ ኅብረት እንዲልኩ ከተፈቀደላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ገባች። ይሁን እንጂ የውጭ ገዢ የሚሻው የውኃው መጠን ከ20 በመቶ የማይበልጥ ማር ነው፤ ከዚያ ያለፈው ይቦካል። እንግዲህ ሳይበስል ለሚቆረጥ ማር ውድ ቀፎ ማደል መፍትሔ አይሆንም። ክዳን ያለው ንጹሕ ባልዲ፣ አነስተኛ የእርጥበት መለኪያና ለጥራቱ የሚከፈል የተለየ ዋጋ ሊቀድሙ ይገባል። አለበለዚያ ነገሩ «ከእጅ አይሻል ዶማ» ይሆናል።

ስለዚህ የማኅበሩ አባላት የዕርዳታ ጥያቄ ሲያዘጋጁም ሆነ ሲመረምሩ ሦስት ነገሮች በቁጥር ተጽፈው እንዲቀርቡ ማድረግ ይገባቸዋል። አንደኛ፣ የተሠራውን ማን በየትኛው ገቢ ይጠግነዋል? ሁለተኛ፣ ምርቱ በሚደርስበት ወራት መግዣው ገንዘብ ከየት ይመጣል? ሦስተኛ፣ ከተጨማሪው ድካም በኋላ በገበሬው እጅ ስንት ብር ይቀራል?

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ሰጪው ክፍል ወይም ዩኒየኑ ሊሆን ይችላል። ለሦስተኛው ግን ፍርዱን የሚሰጠው መጥረቢያውን በእጁ የያዘው ገበሬ ነው።