የፕሮሎግ መጽሐፍ አመራረጥ
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ፕሮሎግ የተባለውን የኮምፒዩተር ቋንቋ ለመማር የሚነሣ ተማሪ አስቀድሞ «የትኛውን መጽሐፍ ልያዝ?» ይላል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ፕሮሎግ ትእዛዝ የሚደረደርበት ሳይሆን፥ እውነትና ደንብ ተነግሮት ጥያቄ የሚቀርብለት ቋንቋ ነው፤ ስለዚህ ፓይተንን የለመደ ሰው ደካማ መጽሐፍ ከገጠመው የቀድሞ ልማዱን በአዲስ አጻጻፍ ሲደግም ይከርማል፤ በመጨረሻም ቋንቋውን ንቆ ይተወዋል።

ቋንቋው በ1972 እ.ኤ.አ. በማርሴይ ከተማ በአላን ኮልሜራወርና በፊሊፕ ሩሴል ተፈጠረ፤ በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የክሎክሲንና የሜሊሽ መጽሐፍም ብዙ ሰው አስተምሯል። እኛ ግን መጽሐፍን በዝናው ሳይሆን በሚከተለው ፈተና እንመርምር።

ሣህለ ሥላሴ የኃይለ መለኮት አባት፥ ኃይለ መለኮትም የምኒልክ አባት መሆኑን ለፕሮሎግ እንንገረው፤ «የአባት አባት አያት ነው» የሚል ደንብም እንጨምር። «የምኒልክ አያት ማን ነው?» ብንለው ሣህለ ሥላሴን ይሰጠናል፤ ገልብጠን «ሣህለ ሥላሴ የማን አያት ነው?» ብንለው ምኒልክን ይሰጠናል። ደንቡ ግን ያው አንዱ ነው። ይህን መገልበጥ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች የማያሳይ መጽሐፍ ይቅርብን። ካት የተባለውን፥ ፍለጋን የሚያቋርጠውን ምልክት ገና ከጅምሩ የሚያስተምርም እንዲሁ ነው፤ ካት የገባበት ደንብ ብዙ ጊዜ አልገለበጥ ይላልና።

በዚህ ሚዛን ለጀማሪ የምንመርጠው የብላክበርን፥ የቦስና የስትሪግኒትዝ «ለርን ፕሮሎግ ናው» የተባለውን ነው። በነጻ ይነበባል፤ በየምዕራፉ መልመጃ አለው፤ ካትን የሚያስተምረውም በ10ኛው ምዕራፍ ነው። የሚደክመው በሒሳብ ላይ ነው፤ የሚያስተምረው ስሌት ወደ አንድ ወገን ብቻ ይሄዳል። 2 እና 3ን ይደምራል እንጂ፥ ከ3 ጋር ተደምሮ 5 የሚሆነውን ቍጥር ፈልግ ቢሉት አይችልም። ለዚህ የማርኩስ ትሪስካ «ዘ ፓወር ኦፍ ፕሮሎግ» ያስፈልገናል። በ1986 እ.ኤ.አ. የታተመው የስተርሊንግና የሻፒሮ መጽሐፍ ግሩም ነው፤ ነገር ግን ለኋላ ይቈየን።

መጽሐፍ ብቻውን አይበቃም፤ እየጻፉ መሞከር ግድ ነው። ኤስ-ደብሊው-አይ ፕሮሎግ በነጻ ይገኛል፤ የእኛንም ፊደል ይቀበላል። በፈረንጆቹ ፊደል ሲጻፍ ያልታወቀው ነገር በትልቅ ፊደል ይጀምራል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውምና፥ ፕሮሎግ በፊደላችን የጻፍነውን ቃል ሁሉ እንደ ስም ይቈጥረዋል። በጥያቄ ውስጥ «ማን» ብለን ብንጽፍ፥ ማን የሚባል ሰው ፈልጎ የለም ይለናል። በፊቱ የታች ሰረዝ አድርገን «_ማን» ስንለው ግን ሣህለ ሥላሴን ያመጣልናል።