የተሳቢ መብራት



ከአምቦ እስከ ጉደር 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ አጭር ቢሆንም፤ መብራቱ የጠፋ ተሳቢ በሌሊት ከፊቱ ለሚገጥመው መንገደኛ የዕድሜው መጨረሻ ሊሆን ይችላል።

ፊያት 682ን የመሰለ አሮጌ የጭነት መኪና ያለው ሰው፤ የተሳቢው መብራት ሲታወክ አምፖል ለመለወጥ አይቸኩል። አስቀድሞ የመኪናውን የራሱን የኋላ መብራት ይመልከት። እርሱ ደኅና ከሆነ፤ ጉድለቱን ከማገናኛው ሶኬት ጀምሮ ወደ ኋላ ይፈልግ።

ፍሬን ሲያዝ ፍሬቻው አብሮ የሚበራ፤ ወይም ሁሉም የሚደበዝዝ እንደ ሆነ፤ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የማሳው ነው። ኤሌክትሪክ መመለሻ መንገድ ያሻዋልና፤ ማሳው በዝገት ሲታፈን በሌላው አምፖል በኩል ይመለሳል። ስለዚህ ብሎኑን ፈትቶ፤ ብረቱን እስኪያብረቀርቅ ፍቆ ማጥበቅ ነው። በመጎተቻው መንጠቆ ብቻ ከመተማመንም ለማሳ የራሱን ሽቦ መዘርጋት ይሻላል።

ፊውዝ ደጋግሞ የሚቃጠል ከሆነ፤ አብዛኛውን ጊዜ የተላጠ ሽቦ ብረት ነክቷል ማለት ነው። በፊውዝ ፈንታ ቁራጭ ሽቦ መተካት እሳት መጥራት ነው።

ነገሩ የሾፌሩ ብቻ አይደለም። የመውጫ ወረቀት የሚፈርም ሹምም ከመፈረሙ በፊት ወደ ተሳቢው ኋላ ዞሮ መብራቱን ቢያይ፤ የማያውቀውን ሰው ሕይወት ያተርፋል።