ቤት ተቀመጡ ከማለት በፊት



ሕዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጂንካ የማርበርግ ቫይረስ መገኘቱ በይፋ ሲነገር፣ እዚህ አዲስ አበባ፣ የካም አንድ ጥያቄ ከአፍ አፍ ይዞር ጀመር። ከፈረንሳይ ሰፈር ወደ አራት ኪሎ በሚወርደው ታክሲ፣ በሾላ ገበያ፣ በለቅሶ ድንኳን ሥር «ደግሞ ቤት ተቀመጡ ልንባል ነው?» ይባል ነበር። አንዱ «ይዝጉ እንጂ፣ ከሁሉም ነፍስ ትቀድማለች» ይላል። ሌላው «ዘግተው ምን ሊያበሉን ነው?» ብሎ ይመልሳል። ወረርሽኙ በጥር ማብቃቱ ታወጀ፤ ክርክሩ ግን እልባት ሳያገኝ በዚያው ተዳፈነ። ዛሬ የመጣሁት እሱን ልቀሰቅሰው ነው። ገደብ መጣል ግድ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ አምናለሁ። ሰው ሊፈጽመው የማይችለው ገደብ ግን በሽታውን አያቆመውም፤ ያጣ የነጣውን ብቻ ይቀጣል። ስለዚህ ምን እንደሚዘጋ፣ ማን እንደሚወስን፣ የሚዘጋበት ሰው ምን እንደሚበላ ልንነጋገር የሚገባን ዛሬ፣ በደህናው ቀን ነው።

ለዚህች ከተማ ወረርሽኝ እንግዳ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ፣ ባቡር ከጅቡቲ አዲስ አበባ ከገባ ብዙም ሳይቆይ ደረሰብን። አያቶቻችን «የሕዳር በሽታ» አሉት። በከተማዋ ብቻ እስከ 10 ሺህ ሰው እንደፈጀ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ በጽኑ ታመው ነበር። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ የዚያን ዘመን መከራ በማስታወሻቸው ካቆዩልን ሰዎች አንዱ ናቸው። ሱቅና መሥሪያ ቤት የተዘጋው ሠራተኛውም ባለቤቱም አብረው ስለወደቁ ነው። አስታማሚ ጠፋ፤ ቀባሪ ጠፋ፤ ከተማዋን ጥሎ ወደ ገጠር የሸሸውም ቀላል አልነበረም።

ከዚያ ጋር ተያይዞ የሚነገረው ልማድ ዛሬም አለ። ሕዳር 12 ቀን፣ ሕዳር ሲታጠን፣ ሰው ሁሉ ግቢውን ጠርጎ ቆሻሻውን ያቃጥላል። ቀኑ የቅዱስ ሚካኤል ክብረ በዓል ስለሆነ በየካ ሚካኤል ዙሪያ ላለነው እጥፍ በዓል ነው፤ ጠዋት ቅዳሴ፣ ሲመሽ ከእያንዳንዱ ደጅ የሚነሳ ጢስ። ጢሱ ቫይረስ አይገድልም፤ የከተማውንም አየር ይበክላል። ቢሆንም ከመቶ ዓመት በላይ ደንብ አስከባሪ ሳያስገድደው፣ ቅጣት ሳይፈራ፣ እያንዳንዱ ቤት በአንድ ቀን ስለ ጤና ብሎ የሚፈጽመው ሥራ ምን ያህል አለን? ሕዝባችን ምክንያቱን ካመነበትና አቅሙ ከፈቀደለት ይታዘዛል። ይህን የማያውቅ ባለሥልጣን ወደ ፖሊስ ይሮጣል።

ወደ ቅርቡ ልምጣ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቡርኪና ፋሶ የመጣ አንድ ጃፓናዊ የኮሮና ቫይረስ እንዳለበት ተነገረ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ቀረ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ሚያዝያ 2 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አጸደቀው። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ መጨባበጥ ቀረ፤ ማስክ ግዴታ ሆነ፤ ታክሲ በግማሽ ጭነት እንዲሄድ ታዘዘ። የተላለፈ እስከ 3 ዓመት እስር ወይም ከ1 ሺህ እስከ 200 ሺህ ብር ቅጣት ይጠብቀው ነበር። በዚያው ደንብ ግን አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣ፣ ኪራይ እንዳይጨምር፣ አሠሪም ሠራተኛ እንዳይቀንስ ተከልክሏል። ይህን የደንቡን ክፍል ብዙ ሰው ረስቶታል፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የበለጠው እሱ ነው።

ከተማው ሙሉ በሙሉ ይዘጋ የሚል ጉትጎታ ያኔ ብርቱ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቤት የሌላቸው፣ የዕለት ጉርሳቸውን በዕለቱ የሚያገኙ ዜጎች ባሉበት አገር እንደበለጸጉት አገሮች መዝጋት አይቻልም አሉ። ውሳኔው ትክክል ነበር። ለምን ትክክል እንደሆነ ለማየት አንድ ግቢ ማየት ይበቃል።

በየሰፈራችን ያሉትን የቀበሌ ቤቶች ታውቋቸዋላችሁ። ከአንድ የቆርቆሮ በር ጀርባ በግራና በቀኝ የተደረደሩ ክፍሎች አሉ፤ አንዱ ክፍል መኝታም፣ ሳሎንም፣ ማድ ቤትም ነው። መካከል ላይ ቧንቧ አለ፤ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ፣ ብዙ ጊዜ በሌሊት፣ ጀሪካኖቹ ይሰለፋሉ። ጥግ ላይ የጋራ ሽንት ቤት አለ፤ ቁልፉ በየተራ ይያዛል። እዚህ ግቢ «ተራርቃችሁ ተቀመጡ» ሲባል ማን ከማን ይራቅ? ቫይረሱ የሚወደው የታፈነ አየርና የተፋፈገ ክፍል ነው። አንዲት ክፍል ውስጥ ለስድስት የሚኖርን ቤተሰብ ከደጅ አስገብቶ በር መዝጋት በሽታውን ማመቻቸት ነው። ለእንደዚህ ያለው ቤተሰብ ከራሱ ክፍል ይልቅ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር የተሻለ መጠለያ ይሆነዋል። የእንጦጦ ፓርክ መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ተመረቀ፤ አዋጁ ካበቃ በኋላ ማለት ነው። ወደፊት ገደብ ቢመጣ ሜዳውና ጫካው መጨረሻ የሚዘጉ እንጂ መጀመሪያ የሚዘጉ እንዳይሆኑ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ከእንጦጦ ሳልወርድ ስለ እንጨት ተሸካሚ እናቶቻችን ልናገር። ገና ሳይነጋ ዳገቱን ይወጣሉ። ደረቅ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ለቅመው፣ ከራሳቸው ክብደት ብዙም የማያንስ ሸክም በገመድ ጀርባቸው ላይ አስረው፣ ወገባቸው እስኪታጠፍ አጎንብሰው ቁልቁል ይወርዳሉ። መንገድ ላይ ብታገኟቸው ፊታቸውን አታዩም፤ የሚታየው ቅጠሉና ከሥሩ የሚራመድ እግር ነው። ሽሮ ሜዳ ወይም ፈረንሳይ ሲደርሱ ለእንጀራ ጋጋሪ ይሸጡታል፤ በተገኘው ብር ያን ዕለት ማታ ዱቄትና ዘይት ይገዛል። ለእነዚህ ሴቶች «አሥራ አራት ቀን ቤት ተቀመጡ» ማለት አሥራ አራት ማታ እራት የለም ማለት ነው። በደንቡ አሠሪ ሠራተኛ እንዳይቀንስ የተከለከለው እነሱን አይጠቅማቸውም፤ አሠሪ የላቸውም። በደመወዝ ወረቀት ላይ የተጻፈ ድጋፍ የማይደርሳቸው ሰዎች ናቸው፤ በዚች ከተማ ደግሞ እንደነሱ ያለው ብዙ ነው።

በእርግጥ ያኔ ያደረግናቸው መልካም ነገሮችም አሉ። መገናኛ ላይ ወጣቶች ክዳኑ የተበሳ ጀሪካን ይዘው፣ ከታክሲ የሚወርደውን ሁሉ እያሰለፉ እጅ ያስታጥቡ ነበር። ማዕድ ማጋራት ተባለና ጤፍ፣ ዘይት፣ ማካሮኒ ከቤት ወደ ቤት ሄደ። ኪራይ የቀነሱ፣ የአንድ ወር የማሩ አከራዮች ነበሩ። ቅዱስ ሲኖዶስ ቅዳሴው በጥቂት ካህናት እንዲሆን ወስኖ፣ ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን ፋሲካ ምእመናን በየቤታቸው አከበሩ፤ ሙስሊም ወገኖቻችንም የኢድ ሶላትን ቤታቸው ሰገዱ። ያን ሁሉ ዘመን ያልተቋረጠ ሥርዓት ሰው በእሺታ የተወው አባቶችና ሼሆች አብረው ስለመከሩ ይመስለኛል። በአንጻሩ በግንቦት ማስክ አላደረጋችሁም ተብሎ ሰው በጅምላ ሲታፈስ የተገኘው ፍሬ ምን ነበር? ተራርቆ ይሄድ የነበረውን ሰው ፖሊስ ጣቢያ አንድ ክፍል ውስጥ ማጎር ራሱ ደንቡን መጣስ ነው።

በየካ የተከፈለ ሌላም ዋጋ አለ፤ ብዙ አይነገርለትም። የካ ኮተቤ ሆስፒታል የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታልን ጫና ለማቃለል፣ ለአእምሮ ሕሙማን ታስቦ ነው። ወረርሽኙ ሲመጣ የአገሪቱ የመጀመሪያ የኮሮና ማከሚያ ሆነ። እዚያ የሠሩት ሐኪሞችና ነርሶች ባለውለታዎቻችን ናቸው፤ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የክትባቱ ዘመቻ በዚያው ግቢ ተጀመረ። ቢሆንም አልጋው ለኮሮና ሲሰጥ የአእምሮ ሕመምተኛው ወዴት ሄደ? በመላ አገሪቱ በምርመራ ተረጋግጦ የተመዘገበው ሞት ከ7,500 በላይ ነው። ሕክምናው ተቋርጦበት፣ ምጥ ይዟት ታክሲ አጥታ፣ ክትትሉን ፈርቶ ትቶ የሞተው ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ገደብን ስንመዝን ሁለቱንም መመዘን አለብን።

ደግሞም በሽታ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ማርበርግ እንደ ኮሮና በትንፋሽ ሜዳ ለሜዳ አይዛመትም፤ የሚተላለፈው ከታማሚው ወይም ከአስከሬኑ የሰውነት ፈሳሽ ጋር በሚደረግ ንክኪ ነው። መድኃኒቱ ንክኪ ያላቸውን አንድ በአንድ ፈልጎ መከታተል፣ ለሐኪሙ ጓንትና መከላከያ ልብስ መስጠት፣ ቀብሩን በጥንቃቄ መፈጸም ነው። አዲስ አበባን መዝጋት ለጂንካ ታማሚ ምንም አይፈይድም። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት ከተማችን ሲገባም የጎደለን ንጹሕ ውሃና ሽንት ቤት ነበር። ስለዚህ «ይዘጋ ወይስ አይዘጋ?» ከማለታችን በፊት «በሽታው በምን ይተላለፋል?» ብለን እንጠይቅ።

ስለ ሕጉ ጥቂት ልበል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 የሕዝብን ጤና አደጋ ላይ የሚጥል በሽታ ሲከሰት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማወጅን ይፈቅዳል። ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ከሆነ አዋጁ በ48 ሰዓት ውስጥ ሊቀርብለት ይገባል፤ ዕድሜውም ከስድስት ወር አይበልጥም፤ የሚራዘመው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድም ይቋቋማል፤ የታሰሩትን ስም በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ማድረግ ሥራው ነው። ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ መልካም ነው። ገደብ ከጤና አልፎ ወደ ሥልጣን ሲሻገር የሚመጣውን ግን አይተናል። መጋቢት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. የምርጫ ቦርድ በወረርሽኙ ምክንያት ነሐሴ ላይ የታሰበውን ምርጫ እንደማያካሂድ አስታወቀ፤ ሰኔ 3 የፌዴሬሽን ምክር ቤት የመንግሥትን ዕድሜ በትርጉም አራዘመ፤ ትግራይ ጳጉሜ 4 ቀን የራሷን ምርጫ አካሄደች። ጥቅምት 2013 ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት ከተከማቹት ቅራኔዎች አንዱ ይህ ነበር። ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ለመፍረድ አይደለም የማነሳው። የበሽታ አዋጅ የሚያስከትለው ነገር በሆስፒታል አጥር እንደማይወሰን እንድናውቅ ነው።

«ውሳኔው ከጄኔቭ ነው የሚመጣው» የሚሉም አሉ። ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ዶክተር ቴዎድሮስ አድሃኖም የሚመሩት የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች የወረርሽኝ ስምምነት አጽድቀዋል፤ በዋዜማው በኮሚቴ በተሰጠው ድምፅ 124 አገሮች ደግፈውት፣ 11 ድምፀ ተአቅቦ አድርገው፣ የተቃወመ አልነበረም። ስምምነቱ ድርጅቱ አገሮችን ዝጉ፣ ተጓዥ አግዱ፣ ክትባት አስገድዱ ብሎ የማዘዝ ሥልጣን እንደሌለው በግልጽ ጽፏል። እንግዲህ ሙግታችን ከራሳችን ምክር ቤት፣ ከከተማ አስተዳደሩ፣ ከወረዳችን ጋር ነው።

ከዚህ አዳራሽ የምጠብቀው ይህ ነው። እያንዳንዱ ዕድር መዝገቡን ይክፈትና በቀን ሥራ የሚያድሩትን፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን፣ መድኃኒት የማያቋርጡ ሕሙማንን፣ ውሃ የማይደርሳቸውን ግቢዎች ለይቶ ያውጣ። ዕድር የሌላቸውን የእንጦጦ እናቶች በማኅበራቸው በኩል እንጨምር። ዝርዝሩ በወረዳ ጤና ጣቢያውም እጅ ይሁን፤ በየዓመቱ ሕዳር ላይ ይታደስ። ከዚያ ወረዳው አንዲት ጥያቄ በጽሑፍ ይመልስልን፦ ነገ ለሁለት ሳምንት ቤት ተቀመጡ ብትሉ፣ እዚህ ዝርዝር ላይ ላለው ሰው በስንተኛው ቀን ምን ያህል ዱቄትና ውሃ፣ በማን እጅ ይደርሰዋል? መልሱ እስኪመጣ ድረስ በየወሩ እየሄድን እንጠይቃለን፤ የመጀመሪያውን ደብዳቤ የሚፈርሙ ሰባት የዕድር ሰብሳቢዎች ዛሬ ከዚህ ሳንበተን እንምረጥ።